«እውነቱን ንገሪን እንጂ!»

ኧረ እናንተዬ ዛሬስ አቃጥለውኛል! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከችልኝን የአለርጂ መመርመሪያ ታውቁት የለ። ጣቴን ወግቼ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ክቦች በደም ሞልቼ፣ አድርቄ፣ አሽጌ ልልክ ፖስታ ቤት ሄድኩ። የምትቀበለው ልጅ ፖስታውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የምርመራ ናሙና» አልኳት። «የምን ናሙና?» «የደም።»

ፖስታውን ጥላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው። «የደም?! በሽታሽ ምንድን ነው?» ሰልፈኛው በሙሉ ዞረ። የአቧራና የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ለአለርጂማ ደም አሜሪካ አይላክም፤ እውነቱን ንገሪን እንጂ የኔ እናት!» ንገሪን! ከኋላዬ የነበሩት እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ አንዱ ጎረምሳ ፈቀቅ አለ። ማስነጠሱም ያኔ ነው የመጣብኝ። «ደም አንቀበልም፣ ደንብ ነው» ብትለኝ እሺ ብዬ እወጣ ነበር። በሰው ፊት ማዋረድ የየትኛው ደንብ ነው?

ወድጄ ነው ደሜን ባሕር ማዶ የምልከው? ክሊኒክ ስሄድ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ሳይነስ ነው»፣ ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን፣ ቀጣይ! ከምን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ጤና አዳም ያሸቱኛል። ሳይንሱ አይጂኢን፣ ማለትም አለርጂ ሲኖር ደም ውስጥ የሚገኘውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ካወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን ዛሬም ብርድ መትቷት ነው እባላለሁ። በቆዳ የሚሠራው ምርመራ ደግሞ ሴትሪዚኑን ሳምንት ያህል አቁሚ ይላል። ሳምንት! አንድ ሌሊት ሳልውጥ ካደርኩ እኮ ዓይኔ አብጦ ነው የሚነጋው። የደሙ ግን መድኃኒት እየተዋጠም ይሠራል።

ጠቅላላ አይጂኢ ተለኪ የምትሉኝም አላችሁ። እሱን የሆድ ትል ራሱ ከፍ ያደርገዋል! እኔ የምፈልገው አለርጂ የሚሆንብኝን ነገር በየዓይነቱ ለይቶ የሚነግረኝን ነው። ውጤቱ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ፤ ደም ላይ ታይቶ ሰውየውን ምንም የማያደርገው አለ፣ ከሕመሜ ጋር የሚያያይዘው ሐኪም ነው። ግን መነሻ ይሆነኛላ! አቧራ ውስጥ ያለው በዓይን የማይታየው የፍራሽ ተባይ ከሆነ አንሶላዬን በ60 ዲግሪ አጥባለሁ። የመስከረም ብናኝ ከሆነ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሻጋታ ከሆነ ቤቱን እለቃለሁ።

ሻጋታ ስል... አከራዬ «ቀለም ሲቀባ ይጠፋል» እንዳሉ ክረምት መጥቶ ክረምት ሄደ። ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ጥግ እኮ ጠቁሯል፤ ስነካው እጄ ላይ ይቀራል! ውጭ ስወጣ ደግሞ ተቆፍሮ የተተወው መንገድ አለላችሁ። እዚህ ጎንደር ከማራኪ ፒያሳ በባጃጅ ስሄድ ሸራውን በእጄ ይዤ፣ በሻርፕ ተሸፋፍኜ፣ አቧራው ጥርሴ ላይ ቅጭ ቅጭ ይላል። ሾፌሩ «ነፋሻ አየር ነው፣ ክፈችው» ይለኛል።

ናሙናው በጊዜ ካልደረሰ አይሠራም፤ ስለዚህ እሱም ቀረ። ሌላ ግዢልኝ ብዬ የአክስቴን ልጅ ዶላር ላስወጣት አልችልም።

አዲስ አበባ ላይ በየዓይነቱ የሚለይ የደም ምርመራ የሚሠራበት ቦታ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ምች ነው የምትሉ ግን በእናታችሁ ተዉኝ፣ ዛሬ አልችልም።