ቤትን በራስ መሸጥ፤ በሜሪላንድና በአራት ኪሎ

በምኖርበት በሜሪላንድ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ኢትዮጵያዊ ከወዳጆቹ ጋር ሲመካከር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ወኪል ይያዝ ወይስ በራሱ ይሽጥ የሚለው ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን የተለመደው የወኪሎች ክፍያ ከሽያጩ ዋጋ ከ5 እስከ 6 በመቶ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሻጩና የገዢው ወኪሎች ይካፈሉታል፤ ወጪው ግን በሻጩ ላይ ያርፋል። 500,000 ዶላር በሚያወጣ ቤት 6 በመቶ ማለት 30,000 ዶላር ነው፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ወይም በሆስፒታል ሁለት ፈረቃ እየሠራ የቤት ዕዳ ለከፈለ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ወኪሎች) ማኅበር በዚህ የክፍያ ልማድ የተነሣበትን ክስ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጨርሷል። በስምምነቱ መሠረት ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ የገዢው ወኪል ክፍያ በወኪሎች የጋራ የቤት መዝገብ ላይ መለጠፉ ቀርቷል፤ ገዢም ከወኪል ጋር ቤት ሊጎበኝ ሲል አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል አለበት።

በጎረቤቴ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤታቸውን ያለ ወኪል ሲሸጡ በቅርብ ተመልክቻለሁ። ብዙ ደክመዋል፤ ቤቱን ራሳቸው አጽድተው ፎቶግራፍ አነሡ፣ ቅዳሜና እሑድ በራቸውን ለጎብኚ ከፈቱ፣ በወኪሎች የጋራ መዝገብ ላይ ለማስገባት ብቻ መጠኑ የተወሰነ አነስተኛ ክፍያ ከፈሉ። ስለቤቱ የሚያውቁትን ጉድለት የሚገልጸውን የግዛቱን ቅጽ ሞሉ፤ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ በመሆኑም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ቀለም የፌዴራሉ ሕግ የሚያዘውን መግለጫ ለገዢው ሰጡ። የባለቤትነት መዝገቡን የመረመረውና ገንዘቡን ከገዢ ተቀብሎ ለሻጭ ያስተላለፈው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን ዋጋ ለመወሰን የሄዱበት መንገድ ነው። ማታ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የግዛቱን የንብረት ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፈቱ፤ በመንገዳቸው ላይ ያሉት ቤቶች መቼና በስንት እንደተሸጡ አንድ በአንድ አነበቡ። ማንንም አልለመኑም፣ ለማንም አልከፈሉም። ወኪል ሳይዙ ለመሸጥ ድፍረት የሰጣቸው ይህ መረጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

አራት ኪሎ አካባቢ በሚኖሩ አንዲት አክስቴ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በየአቅጣጫው ስለሄዱ አክስቴ ቤቱን ሸጠው አነስ ወዳለ መኖሪያ ለመዛወር ወሰኑ፤ በብረት በሩም ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር አስጻፉ። ጽሑፉ በደረቀ ማግስት የደወለው ሁሉ ደላላ ነበር፤ አንዳንዱ ራሱን ገዢ አስመስሎ መጥቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ ቡና ከጠጣ በኋላ ነበር ማንነቱ የታወቀው። ከአክስቴ ቤት በላይ ያለው ግቢ በስንት እንደተሸጠ ሲጠይቋቸው ከሁለት ደላሎች ያገኙት መልስ ሰማይና ምድር ነበር። አንደኛው «እማማ፣ ገዢ ይዤ ስመጣ እርስዎ ዋጋ እንዳይናገሩ፤ ንግግሩን ለእኔ ይተዉልኝ» አላቸው። አክስቴ የምክሩ ምክንያት ቆይቶ ገባቸው፤ ደላላው ለእሳቸው አንድ ዋጋ፣ ለገዢው ሌላ ዋጋ ነግሮ፣ በልማድ ከሁለቱም ወገን ከሚጠየቀው 2 በመቶ ሌላ በመካከል ያለውን ልዩነት ሊያስቀር አስቦ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ደላላን በጅምላ ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ ያለውን ገዢ ማወቅ፣ የተኳረፉ ወራሾችን አስማምቶ ለፊርማ ማቅረብ፣ ለስም ዝውውር የሚያስፈልገውን ወረቀት ከክፍለ ከተማው ማውጣት ልፋት ያለበት ሥራ ነው፤ በሐቅ የሚሠሩትም አሉ። የደላላው ኃይል የሚመነጨው ግን ከዚህ ልፋት ሳይሆን እሱ የሚያውቀውን ዋጋ የቤቱ ባለቤት ማወቅ ካለመቻሉ ነው። የሜሪላንዱ ወኪል ክፍያው ቢበዛም ዋጋን ሊደብቅ አይችልም፤ የአዲስ አበባው ደላላ 2 በመቶ ቢልም የደበቀው ልዩነት ከዚያ እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

ዋጋው የተደበቀው ደግሞ በደላላው ብቻ አይደለም፤ ሻጭና ገዢም እጃቸው አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለዚህ የከተማው የቤት ሽያጭ ሁሉ ውልና ማስረጃ ዘንድ ሊገኝ ይገባዋል። ነገር ግን ብዙዎች 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥና ከትርፉ ላይ የሚታሰበውን 15 በመቶ ግብር ለመቀነስ ሲሉ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ያስጽፋሉ። ግብሩን የሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት የራሱን ግምት ማውጣት ስለሚችል የሚገኘው ጥቅም የታሰበውን ያህል ላይሆን ይችላል፤ አደጋው ግን ትልቅ ነው። ገዢ ቀሪውን ገንዘብ ቢከለክል ወይም ሽያጩ በፍርድ ቢፈርስ ተሟጋቹ በእጁ የሚገኘው ማስረጃ በውሉ የተጻፈው አነስተኛ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ የተዛባ ውል ቀጣዩን ሻጭ ዕውር ያደርገዋል፤ ይህ በእርግጥ ያሳዝነኛል።

በአገር ቤት ያለው ሥርዓት ሁሉ ደካማ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቀብድ ደንባችንም ግልጽና ፍትሐዊ ነው፤ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በሜሪላንድ ከምናውቀው የብዙ ገጽ ውል ይልቅ ይህ ለአክስቴ በቀላሉ የሚገባ ነው። በመሀል አዲስ አበባ ለሚሸጥ ሰው የሚጨመረው ሌላ ጥያቄ አለ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ገዢውም ቦታው ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በውል የተያዘ ሊዝ ብሎ ይጠይቃል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ በ2017 ካዛንቺስን ከነካ ወዲህ ደግሞ የገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቦታው በልማት ይነካል ወይ?» ሆኗል። ሻጩ ካርታውን ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ሄዶ ስለ ፕላኑ፣ ስለ ዕዳና እገዳ አስቀድሞ ቢያጣራ ደላላ ከሚሰጠው ተስፋ የተሻለ መልስ በእጁ ይኖረዋል።

አክስቴ በመጨረሻ የበሩን ጽሑፍ አስጠፍተው ነገሩን ለዕድራቸው ጸሐፊና ለአጥቢያቸው ሰዎች ነገሩ። ገዢው የተገኘው በዚያ መንገድ፣ ከዚያው ሰፈር ነው፤ ሙሉው ዋጋ በውሉ ላይ ተጽፎ ክፍያው በባንክ ተላለፈ። ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ዕድርም ቢሆን የሚያውቀው የሚያውቀውን ሰፈር ያህል ነው። ውልና ማስረጃ የሻጭንና የገዢን ስም ሳይጠቅስ፣ በየወረዳው የተሸጡትን ቤቶች የቦታ ስፋት፣ የይዞታ ዓይነትና ዋጋ በየወሩ ቢያወጣ ለአንዲት ባልቴት ከብዙ ምክር ይበልጥባቸው ነበር።

እኛ በውጭ ያለነውም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለን። የወላጆቻችንን ቤት የምንሸጠው በአብዛኛው በውክልና ነው፤ ሕጉ ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል ስለሚል ውክልናውን በዋሽንግተን ኤምባሲያችን አረጋግጠን እንልካለን። በዚያው ወረቀት ላይ ቤቱ ከስንት በታች እንዳይሸጥ፣ የሽያጩ እውነተኛ ዋጋ በውሉ ላይ እንዲጻፍና ገንዘቡ በስማችን ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማስጻፍ የምንችል ሲሆን፣ ያየኋቸው ብዙ ውክልናዎች ግን «በፈለገው ዋጋ ይሽጥልኝ» የሚሉ ናቸው።