ሜዳችሁ የት ነው?

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ እኔ ጊዛ ውስጥ፣ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በአርድ ኤል ሊዋ ሰፈር፣ ሁልጊዜ ሻይ ከምጠጣበት አህዋ (የግብፆች ሻይ ቤት) ተቀምጬ ነበር። ሃያ ከሚሆኑ ግብፃውያን መካከል ሐበሻ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ወንበሬን ወደ በሩ ጠጋ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። ጨዋታው ሳይጀመር የግድቡ ቀልድ ተጀምሮ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ አሳለፍኩት። በ21ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ ሲያገባ ደስታዬን በሻይ ብርጭቆው ሸፈንኩ። በ40ኛው ደቂቃ ግን ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ሲጨምር ብርጭቆውም አልበቃኝም፤ ብድግ ብዬ ራሴን ያገኘሁት ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ነው።

የአህዋው ባለቤት ሐጂ ሳቀና፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሽመልስን እያመለከተ «ይኼማ የእኛ ልጅ ነው፤ ስንት ዓመት እዚህ ተጫውቷል» አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «ለመሆኑ ዛሬ ባለ ሜዳዎቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ታዲያ ማላዊ ምን ትሠራላችሁ? ሜዳችሁ የት ነው?»

ምን ይመለሳል? ከአራት ቀን በፊት፣ ግንቦት 28፣ በዚያው በሊሎንግዌ ቢንጉ ስታዲየም ከማላዊ ጋር እንደ እንግዳ ተጫውተን 2 ለ 1 ተሸንፈናል። በአራተኛው ቀን በዚያው ሣር፣ በዚያው መልበሻ ክፍል ባለቤት ሆነን ግብፅን ተቀበልን። እንግዳ የነበርንበት ቤት ውስጥ ሌላ እንግዳ ማስተናገድ እንግዲህ ለእኛ የተሰጠ ጥበብ ነው። ለሐጂ የአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት ሳያሟላ እንደ ቀረ፣ የባሕር ዳሩም እንደ ታገደ፣ ቦሌ ላይ ደግሞ አደይ አበባ የሚባል ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለዓመታት እየተገነባ መሆኑን ማስረዳት ስለ ከበደኝ በአጭሩ «እድሳት ላይ ነው» አልኩት። «መቼ ያልቃል?» ሲለኝ «በቅርቡ» አልኩ። ግብፅን ከ30 ዓመት በላይ ቆይተን ያሸነፍንበት ቀን ነበር፤ እኔ ግን ከድሉ ይልቅ ያቺን «በቅርቡ» ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሐጂ «የእኛ ልጅ» ያለው በከንቱ አይደለም። ሽመልስ ከሐዋሳ ተነሥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካለፈ በኋላ የተጫዋችነት ዘመኑን ትልቁን ክፍል ያሳለፈው በዚህ አገር ነው፤ በፔትሮጀት፣ በፋዩሙ ምስር ኤል ማቃሳ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻው ኤል ጎውና። አል አህሊና ዛማሌክ ካልሆነ በስተቀር ስለ ክለብ ማውራት የማይወድ የካይሮ ባለ ታክሲ እንኳ ስሙን አጣሞም ቢሆን ይጠራዋል። ሐበሻ ሲባል የቤት ሠራተኛና የስደተኛ ወረፋ ብቻ በሚታሰብበት ከተማ አንድ አማካይ ይህን ማድረጉ ቀላል ነገር አይመስለኝም። አጥቂ ቢሆን ኖሮ በጎሉ ይታወሳል፤ አማካይ ግን የሚታወቀው በየሳምንቱ እዚያው መሐል ሜዳ ላይ በመገኘቱ ነው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ግን «ውጭ የሚጫወት» ሲባል የሚታያቸው በሰው የተሞላ ስታዲየምና የካሜራ ብልጭታ ነው። እዚህ የነበረው ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር ፖርት ሰይድ ላይ ከጨዋታ በኋላ 74 ሰዎች ካለቁ ወዲህ የግብፅ ሊግ ለዓመታት በአብዛኛው በዝግ ስታዲየም ነበር የሚካሄደው። የአገሬን ልጅ ልይ ብዬ ብነሣ እንኳ በር ላይ ፖሊስ ይመልሰኛል፤ ስለዚህ በቴሌቪዥን አይ ነበር። በባዶ ወንበር መካከል የአሠልጣኙ ጩኸት፣ የዳኛው ፊሽካ፣ ኳሷ ስትመታ የምታወጣው ድምፅ አንድ በአንድ ይሰማል። በአዲስ አበባ ስታዲየም የተመልካች ቦታዎች፣ በሚስማር ተራና በካታንጋ፣ ስድብና ጭብጨባ ላደገ ተጫዋች ይህ ዝምታ ምን እንደሚመስል ሳስበው ይጨንቀኛል። አዲስ አበባ ስታዲየም አንድ ኳስ ካባከንክ እናትህ በወለደችህ ቀን ተጸጽታ እንደሆነ ከካታንጋ ይነገርሃል፤ እዚህ ደግሞ ድንቅ ኳስ ብታቀብልም የሚያጨበጭብልህ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጓደኛህ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። የወንድሜ ልጅ አገር ቤት በአንድ ክለብ ተከላካይ አማካይ ሆኖ ይጫወታል። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እንኳን ስሙን ጠርቼበት ሳልጠራውም ደመወዝ አይከፍልም። በ2011 ዓ.ም. ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣራ ሲያበጁለት ብዙ ክርክር ነበር። የእኛ ልጅ ጣራውን ቀርቶ ወለሉንም ካየ አምስት ወር አልፎታል። ሲጠይቅ «በጀት አልተለቀቀም» ይባላል። ፔትሮጀትም የነዳጅ መሥሪያ ቤት ክለብ እንደ መሆኑ የሚኖረው በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ነውና በዚህ ረገድ ከእኛ ከተማ አስተዳደሮች ክለቦች ብዙም አይርቅም፤ የእኛዎቹ ግን መጀመሪያ ተጫዋች አስፈርመው ገንዘቡን የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ይመስላል።

የአገር ቤቱ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ውል በሱፐርስፖርት ሲተላለፍ ሁላችንም አጨበጨብን። በዚያው ዓመት ግን ክለቦቹ በሙሉ ተሰብስበው በአንድ ከተማ መጫወት ጀመሩ፤ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ልጁ ስልክ ሲደውልልኝ «የት ነህ?» የምለው ለወግ ሆኗል፤ ሆቴል ነው። ባለ ሜዳ ተብሎ ሲጫወትም እንግዳ ተብሎ ሲጫወትም የሚያድረው እዚያው አልጋ ላይ ነው። የሠፈሩ ሰው ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ እኔ ሽመልስን እንዳየሁት ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ ክለብ ፈልግልኝ» ይለኛል በየሳምንቱ። ካይሮ የሚኖር ሰው ሁሉ ከአል አህሊ አሠልጣኝ ጋር ቁርስ የሚበላ ይመስለዋል። እኔ ለሕመምተኞች በአስተርጓሚነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ከግብፅ እግር ኳስ ጋር ያለኝ ቅርበት የሐጂ ሻይ ብቻ ነው። ባለፈው ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው ለሙከራ እወስድሃለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆት ኖሮ፣ ወንድሜ በሬ ሊሸጥ ሲል ደርሼ አስቆምኩ። እኔንም «ልጁን የምታስቀረው ቀንተህ ነው» አሉኝ። በእግሬ አንድ ኳስ አስተካክዬ መትቼ የማላውቅ ሰው በምን እቀናለሁ!

አንድ ቀን ንዴቴን ለመወጣት ለሐጂ የ1954 ዓ.ም. ጥርን አነሣሁበት። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ስታዲየማችን፣ በአምበላችን በሉቺያኖ ቫሳሎ መሪነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ወሰድን ነገርኩት። ቫሳሎ በኋላ በስደት ጣልያን ገብቶ እዚያው እንዳረፈ አልነገርኩትም። ሐጂ ጺሙን እየዳሰሰ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ያኔ ሜዳ ነበራችሁ» ብሎ ሻዩን ሊቀዳ ሄደ።

በመጋቢት 2015 ከጊኒ ጋር ስንጫወት «አሁንስ?» አለኝ። «ሞሮኮ» አልኩት። 3 ለ 2 ተሸነፍን። ሐጂ አልሳቀም፤ «የሞሮኮ ሜዳ ጥሩ ነው» አለኝ በሐዘን ቤት ድምፅ። ከሣቁ ይልቅ ማጽናናቱ አንገበገበኝ።

ሽመልስም በኋላ ወደ አገር ቤት ተመልሶ የመቻል ክለብን መለያ ለበሰ። ይህንን ለወንድሜ ልጅ ሳነሣበት፣ «እሱ እኮ አይቶት ነው የተመለሰው» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለማንኛውም ፓስፖርቴን ላድሰው?» አለ።

አድሰው አልኩት። ከጀመርነው እድሳት ሁሉ ሊያልቅልን የሚችለው እሱ ሳይሆን አይቀርም።