ገና ላልበቀለ ሸንኮራ ሞቅ ያለ ጭብጨባ

ያልመጣ ዶላር በመቁጠር የሚበልጠን ካለ ይምጣና ይሞክረን። ሌላው አገር መጀመሪያ ሸንኮራ ይተክላል፣ ይቆርጣል፣ ይጨምቃል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል። ይሄ የዘገምተኛ አካሄድ ነው። እኛ ከሒሳቡ እንጀምራለን። ከሸንኮራ ተረፈ ምርት የሚወጣው አልኮል፣ ኢታኖል፣ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ስንት ሚሊዮን ዶላር እንደሚድን ስብሰባ ላይ በስላይድ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ለሻይ ይወጣል። ሻዩ ውስጥ የሚማሰለው ስኳር ከውጭ በዶላር የተገዛ እንደሆነ የሚያነሳ ሰው ወግ አያውቅም።

በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ሱሉልታ ላይ ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ ለአዲስ አበባ መኪኖች መቅረብ ጀመረ። ድርሻው 5 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ደረሰ። ይሄ የምር የተሠራ ሥራ ስለሆነ ብዙም አያስጨበጭብም። የሚያስጨበጭበው በዚያው ዓመት የመጣው ዕቅድ ነው። በአምስት ዓመት 10 አዳዲስ ስኳር ፋብሪካ! ስኳሩን ለዓለም ልንሸጥ፣ ኢታኖሉን ልንነዳው ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ። ሕዝቡ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰለፈ። የኢታኖሉም አቅርቦት ይቆራረጥ ጀመር። ዕቅዱ ግን አንድም ቀን አልተቆራረጠም። እንዲህ ያለ ጽናት ሐውልት ያንሰዋል።

ቁጥር ለሚወዱ አንድ ቁጥር ልመርቅ። አንድ ቶን ሸንኮራ ሲጨመቅ ስኳሩ ወጥቶ ወደ 40 ኪሎ ሞላሰስ፣ ማለትም ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ፣ ይተርፋል። ከዚያ ላይ 10 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይገኛል። በ10 በመቶ ሒሳብ 100 ሊትር ድብልቅ ነዳጅ ይወጣዋል ማለት ነው። ሁለት ቪትዝ ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። ደግሞ ኢታኖል በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ ሾፌሩ ቀደም ብሎ ወደ ማደያው ወረፋ ይመለሳል። ወዳጆቹን የሚያገኘው እዚያ አይደል?

ከውጭ የምናስገባው ነዳጅ አብዛኛው ናፍጣ መሆኑ ደስታችንን ሊያደበዝዝ አይገባም። ኢታኖሉ የሚገባው ቤንዚን ውስጥ ነው። ቤንዚኑን ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ቦቴ ራሱ የሚሄደው በናፍጣ ነው። ዝርዝር ነው፣ እንለፈው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሞላሰሱ ቸርነት ነው። ከብት አድላቢው ከገለባ ጋር ለውሶ ሊያበላው ይፈልገዋል። አረቄ ፋብሪካው ይፈልገዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ሳኒታይዘር የሚያመርተው ሁሉ «ኢታኖል፣ ኢታኖል» አለ። በሌላ አገር ቢሆን «አንዱን ስንሰጥ ሌላው ይወደድበታል» ብለው ይጨነቁ ነበር። መኖ ሲወደድ ወተት ይወደዳል፣ ወተት ሲወደድ ማኪያቶ ይወደዳል እያሉ ሰንሰለቱን ሲጎትቱ ይውላሉ። እኛ አንዷን ሊትር ለመኪናውም፣ ለመለኪያውም፣ ለእጅ ማጽጃውም መድበን፣ ከሦስቱም የዳነውን ዶላር ደምረን በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ቀልደው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ላሚቱን በዕቅድ ዘመን አስገብተው፣ የወተቷን የወጪ ንግድ ገቢ አስልተውላቸዋል።

ምቀኛ አይጠፋም። «መጀመሪያ ያሉት ፋብሪካዎች በሙሉ አቅማቸው ይሥሩ፣ አገዳው ማሳ ላይ ሳያረጅ ይቆረጥ፣ መለዋወጫው ይግባ፣ ከዚያ ስለ ድብልቅ እናወራለን» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ ነው። ማይክም ባይደርሰው ይመረጣል።

በበኩሌ አንድ ሐሳብ አለኝ። በአንድ ስብሰባ ያን ሁሉ ዶላር ካዳንን፣ ስብሰባውን በሳምንት ሁለቴ እናድርገው። አበሉ የሚከፈለው በብር ስለሆነ የምንዛሪ ችግር የለበትም። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ቢሆን ደግሞ ለውይይት ይመቻል።