መርካቶ ሚስማር ይገኛል ወይ?

ማክሰኞ ማታ የጉዞ ግሩፓችን ላይ የአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጣለ። «ሐረር ሃላል ፍሬንድሊ ምግብ ቤት ይኖራል?» ስልኬን ገለበጥኩት። ሻዬን ጠጣሁ። መልሼ ሳየው ጥያቄው እዚያው ነው። ጭራሽ ሁለት ሰው አውራ ጣት ሰጥቶታል።

ሐረር እኮ ነው! በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ 48 ሄክታር ላይ፣ 82 መስጊድ አለ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘግባት ከነቁጥሩ ነው የጻፈው። መንገድ ጠፍቶህ ወደ ግራ ብትታጠፍ መስጊድ፣ ወደ ቀኝ ብትታጠፍ መስጊድ፣ ተስፋ ቆርጠህ ቁጭ ብትል የተቀመጥክበት ደረጃ የመስጊድ ሆኖ ታገኘዋለህ። እዚያ ሄዶ ሃላል አለ ወይ ማለት መርካቶ ገብቶ ሚስማር ይገኛል ወይ እንደማለት ነው።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ቨርጂኒያ ከሄደ 14 ዓመቱ ነው። እዚያ ዶሮ ሲገዛ ማህተም ያያል፤ ከረሜላ ሲገዛ ጄላቲን አለው የለውም እያለ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል። ልክ ነው። እኔን ያበሳጨችኝ «ፍሬንድሊ» የምትለዋ ናት። ሥጋው ወይ ሃላል ነው ወይ አይደለም፤ ጓደኛ ምን ያደርግለታል?

አያቴ በሕይወት ብትኖር «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ትለው ነበር። ከተረት ሁሉ ይቺን እወዳለሁ። አያቴ ከውጭ ለመጣ ዘመድ ሁሉ ታወጣት ነበር፣ እንግዳው ጫማውን ሳያወልቅ። ችግሩ ሐረር ላይ አትሠራም። ሐረሮች ጅብን ያውቁታል፤ ያውም በደንብ። ማታ ከግንቡ ውጭ በስሙ ጠርተው፣ ሥጋውን እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው ያጎርሱታል። በዓሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። አጣጥሞ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል፤ ፊቱን ካዞረ ሰው ይጨነቃል። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ጅብ ጠገበ አልጠገበም ብሎ ሲያስብ አስቡት። ያውም ቁርበት አንጥፉልኝ ሳይል።

ስለዚህ ተረቴን ዋጥኩና «አዎ፣ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ።

ባልጻፍኩ! ወዲያው ሠንጠረዥ መጣ። ርዕሱ «ዘና ያለ ዊኬንድ» ይላል። 23 ረድፍ አለው። የቅዳሜ ምሳ «1:00» ይላል። በጠዋት በ1 ሰዓት ምን ዓይነት ምሳ ነው ስለው «በፈረንጅ ነው» አለኝ። ከዚያ ሙዚየም፣ ከዚያ የ20 ደቂቃ እረፍት። ዘና የምንለው እንግዲህ በዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ የጫት ገበያዋ አወዳይ አፍንጫዋ ሥር ባለች ከተማ፣ ልክ ሰው ምሳውን በልቶ ለበርጫ ትራሱን በሚያመቻችበት ሰዓት!

እኔን ግን ሠንጠረዡ አይደለም ያስቆጣኝ። ከታች ያለችው ማስታወሻ ናት፦ «ሃላል ከጠፋ ሽሮ አለ»።

እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤታችን ለሦስት ቀን ስልጠና ብሎ አንድ ሐይቅ ዳር ወሰደን። ሙስሊሞች አምስት ነበርን። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ላይ አስተናጋጁ በትህትና ጎንበስ አለና «ለሙስሊሞች ጾም ተዘጋጅቷል» አለን። ጾም አልያዝንም፤ ጾም ግን በላን። ማታም ጾም፤ በማግስቱም ጾም። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ጥብሱ እየተንጫጫ ይመጣል፤ እኛ ጋ ሽሮው እየተንተከተከ። በሦስተኛው ቀን አስተባባሪውን ሄጄ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን ችግር አለው፣ ለጤናም ጥሩ ነው» አለኝ። እሱ ራሱ በእጁ የጎድን አጥንት ይዟል።

ሽሮ እወዳለሁ፤ ሽሮን አትንኩብኝ። ግን ስሜን ሰምቶ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሽሮ ይዞ የሚመጣ ሰው ያቃጥለኛል። ከተማው ውስጥ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጠፍቶ አይደለም። ከሆቴሉ በር ወጣ ብሎ ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት ነበር፤ በመጨረሻው ቀን አውቶብስ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። የጠፋው ወጥቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ለእያንዳንዳችን የተከፈለው ደግሞ እኩል ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት አልወድም፤ ድሮም ብዙ ጉድ ነበር። ግን የጎረቤታችንን የእማማን ነገር ልንገራችሁ። ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ በሌሊት በግ እየጎተቱ በራችንን አንኳኩ። አባቴን «ለእናንተ ሰዎች ነው፣ በእጅህ እረድልኝ» አሉት። ድስቱን ከእኛው ቤት ወሰዱ። የምትሠራውም እናቴ ናት። እማማ ሙሽራዋን ትተው ሦስት ጊዜ ድንኳኑን ዞረው መጥተው «በላችሁ ወይ?» አሉን። «ፍሬንድሊ» የሚባል ቃል አያውቁም ነበር።

ምን እያልኩ ነበር? ሐረር።

ሄድን። በድሬዳዋ አድርገን፣ ደንገጎን ወጥተን። የአክስቴ ልጅ ገና ሳንገባ «ሐረር ቢራ» የሚል አየና «አየህ!» አለኝ፣ ወንጀለኛ እንደያዘ ሰው። አልኮል የሌለው ሶፊ ማልትም ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚወጣው አልኩት። ዝም አለ።

ጠዋት ፈቲራ በላን። ሰውዬው ሊጡን ጠረጴዛው ላይ እየደበደበ ጋዜጣ እስኪያክል ይስበዋል፤ ማዶውን ያሳያል። መሃሉ ላይ እንቁላል ይሰብራል፣ አራቱን ጠርዝ እንደ ፖስታ ያጥፈዋል፣ ዘይት ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ማር። የአክስቴ ልጅ አፉን ሞልቶ «ሃላል ነው አይደል?» አለኝ። እንቁላል ነው እኮ!

ምሳ ላይ ግን አላህ ካሰኝ። አብሮን የመጣው የሥራ ባልደረባዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የሚጾም፣ የሚያስቀድስ። ጀጎል ውስጥ አንድ ትንሽ ቤት ገባን። የግመል ሥጋ፣ የፍየል ሥጋ፣ ሩዝ። እሱ ምኑንም አይበላም። ባለቤቷ ገባት መሰል፣ በጣም አዘነችና «ለወንድማችን ምን እናድርግለት?» ብላ አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ ፊቷ በራ።

«ሽሮ አለ!»

አስተግፊሩላህ፣ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቃት የነበረች ሽሮ ናት። መጣች፣ እየተንተከተከች። እኔ የግመሉን ሥጋ በቀስታ፣ እያጣጣምኩ፣ ፊት ለፊቱ በላሁ። «ለጤናም ጥሩ ነው» አልኩት። ስልጠናው ላይ እሱም ነበር። ትዝ ያለው ግን አይመስለኝም።

ደስታዬ አልቆየችም። ከምሳ በኋላ ከግንቡ ውጭ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ካላገኘሁ ብሎ ወጣ፤ አገኘም። እሱን ስንጠብቅ ሠንጠረዡ 11ኛው ረድፍ ላይ ተሰበረ። የአክስቴ ልጅ ተነጫነጨ፣ ስልኩን አየ፣ በመጨረሻ ቁጭ አለ። ሆጃ አዘዝን። የቡናው ገለባ ከወተቱ ጋር ሞቅ ብሎ መጣ። ማንም ምንም አላወራም። ከዚያ ዊኬንድ ዘና ያልንባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት፤ ሠንጠረዡ ላይ አልነበረችም።

ማታ ጅብ ለማየት ሄድን። የአክስቴ ልጅ ጅብ አብዪውን ሥጋው የምን እንደሆነ ሲጠይቅ እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ትናንት ግሩፑ ላይ አዲስ ሐሳብ መጣ፤ የሚቀጥለው ጎንደር ይሁን ተባለ። ፋሲል ግንብ፣ ቁስቋም፣ ሌላም ሌላም። ጎንደር አዲስ ዓለም የሚባል ሰፈር አለ፤ ሙስሊም ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት ነው። እዚያ ወርደን እንበላለን ብዬ ልጽፍ ስል ባልደረባዬ፣ ያ የሐረሩ፣ ቀደመኝ።

«ለአንተ አታስብ» ይላል፣ «ሽሮ አይጠፋም»።