ድሬ ድሮስ አንድ ክላስ ነበረች እንዴ?

ሰሞኑን የድሮ የድሬዳዋ ተማሪዎች ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲዞር ነበር፣ ስሩ ያለው ኮመንት ያው የተለመደው ነው፣ ድሮ ኦሮሞ ሶማሌ አማራ ጉራጌ ሀረሪ ሳንባባል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን፣ አሁን ነው በቋንቋ የከፋፈሉን የሚል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝና ላይክ አደረግኩ። ማታ ሳስበው ግን አቦ ይሄ ነገር ግማሹ ትዝታ ግማሹ ተረት ነው።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ስለሆነ ግሪኩም አርመኑም ህንዱም የመኑም እዚችው ትንሽ ከተማ ወርዶ ሱቁን ከፈተ። ትምህርቱም በየጎራው ነበር። የሙስሊሙ ልጅ ሎህ (የእንጨት መፃፊያ ሰሌዳ) ይዞ ቁርአን ቤት ይሄዳል፣ የክርስቲያኑ ልጅ የኔታ ጋ ሀሁ ይላል፣ የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት አሊያንስ ደግሞ ለብቻው አለ። ፈረንሳይኛ ያኔ የአራዳነት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ እንጀራ ነው፣ ምድር ባቡር መቀጠር የፈለገ ያለሱ ወዴት ይደርሳል። ከዛ ጣልያን መጣ፣ ገና በ1928 ሐምሌ ላይ ባወጣው አዋጅ የጣልያን ልጆችና የ«ተገዢዎች» ትምህርት ቤት ለየብቻ ይሁን አለ፣ ድሬ ላለችበት ለሀረር ግዛት ሀረሪና ኦሮምኛ መማሪያ ይሁን ብሎም መደበ። ለቋንቋው አስቦ እንዳልሆነ መቼም ግልፅ ነው።

አንድ ዴስክ ላይ ነበርን የሚባለው እንግዲህ ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን ነው። እውነትም ዴስኩ አንድ ነበር፣ ጥያቄው ዴስኩ ላይ ማን ምን ይሰማ ነበር የሚለው ነው። በ1950ዎቹ አንደኛ ደረጃው በሙሉ በአማርኛ፣ ከዛ በላይ በእንግሊዝኛ ሆነ። ገንደ ቆሬ ያደጉ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ያጫወቱኝን ልንገራችሁ፣ ቤታቸው ሶማሊኛ ብቻ ነበር የሚወራው፣ አንደኛ ክፍል ሲገቡ መምህሩ «ተቀመጡ» ሲል ቃሉ አይገባቸውም፣ ጎናቸው ያለው ልጅ ሲቀመጥ አይተው ይቀመጣሉ፣ ሲነሳ ይነሳሉ፣ ልጁ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲነሳም አብረው ተነስተው ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ ነው የነገሩኝ። በዛው ዓመት ግን ወድቀዋል፣ ደገሙ። እሳቸው ፎቶው ላይ አሉ፣ በክላሱ ውስጥ ግን ግማሽ ዓመት አልነበሩም ማለት ነው።

ደርግም በ1971 መሠረተ ትምህርት ጀምሮ፣ ቆይቶ ወደ 15 ቋንቋ ደርሷል፣ ፊደሉ ሁሉም ግዕዝ ነበር እንጂ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው መደበኛውን አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ያደረገው፣ ድሬ ላይ በአማርኛ በኦሮምኛና በሶማሊኛ። እኔ ይሄንን እደግፋለሁ፣ ሰባት ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይማር የሚለው ላይ ክርክር የለኝም። የምናደደው ሶስቱን ከለየን በኋላ መሃሉን በር ሳናበጅለት መተዋችን ነው።

የእህቴ ልጅ በአማርኛ ነው የተማረው፣ ሰፈር ግን ብይ ሲጫወት በሶማሊኛ «ኮው ለባ ሰደሕ» ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ሲጣላ ደግሞ በኦሮምኛ ይሳደባል (ስድቡን ባልፅፈው ይሻላል)። ይሄ ልጅ ታዲያ ቀፊራ ገበያ ስንሄድ የሱቅ ታፔላ ማንበብ ያቅተዋል። ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም በላቲን ነው የሚፃፈው፣ ኤክስ የምትባለዋ ፊደል በኦሮምኛ «ጥ» ነች፣ በሶማሊኛ «ሕ» ነች፣ ሲ ደግሞ በኦሮምኛ «ጭ» በሶማሊኛ «ዕ»፣ እሱ ግን ሁለቱንም እንደ እንግሊዝኛ ያነባቸውና አብሮን ያለው የጎረቤት ልጅ ይስቅበታል። በአፉ ሶስት ቋንቋ ያለው ልጅ በአይኑ ያለው አንድ ነው። ጎረቤቱም ቢሆን ግዕዙን ሲያነብ ጣቱን እያስቀደመ ነው። መናገሩን ያስተማራቸው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲያባርሩ የዋሉበት ነው እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም።

አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች ተጨማሪ የአገር ቋንቋ ይማሩ ይላል፣ ጥሩ። ድሬ ላይ ግን ይሄ እንደ ሌላ ሳብጀክት በሰዋስው ተጀምሮ በፈተና የሚያልቅ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። ልጆቹ መናገሩን ያውቁታል፣ የጎደላቸው ፊደሉ ነው፣ በሳምንት ሁለት ፔሬድ ታፔላ፣ የመድሃኒት ወረቀት፣ ያያት ደብዳቤ ማንበብ ቢለማመዱ ይበቃል።

መምህር ከየት ይመጣል የሚሉኝ አሉ። እኔ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ግቢው አንድ ነው፣ አማርኛው በአንድ ብሎክ ኦሮምኛው በሌላው፣ በሩ ግን የጋራ ነው። መምህራኑ አስር ሰዓት ላይ እዛው በር ጋ ያለች ሻይ ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ በሁለቱም ቋንቋ እየተፎጋገሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ክፍል ይቀያየሩ ነው የምለው።