ኢንተርኔት እንዲሠራ ኢንተርኔት አምጣ

ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ነው፤ ዛሬ ልተንፍሰው።

ደሴ ውስጥ ትንሽ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ክረምት ላይ መብረቅ በስልክ መስመሩ ገብቶ ሞደሜን አቃጠለ፤ ከሞደሙ ጋር የተያያዘውን ዴስክቶፕ የኔትወርክ መሰኪያም ገደለው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሞደሙን ገዛሁ፣ ለዴስክቶፑ ደግሞ ከማይሠራ አሮጌ ኮምፒውተር የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ካርድ ነቅዬ ሰካሁለት። የእኔ መስመር 10 ሜጋ እንኳ አይሞላም፤ ካርዱ ይተርፈኛል።

ዊንዶውስ ግን አላውቀውም አለ። ዊንዶውስ የተሰኩትን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት፣ ከሥሩ «ኮድ 28»። ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም፣ የለም ማለት ነው። ፈልግልኝ ስለው መጀመሪያ ከኢንተርኔት አገናኘኝ ይላል! ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ካርዱ፣ ካርዱን የሚያስነሳው ድራይቨሩ፣ ድራይቨሩ ያለው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ። ይህን ሲሠሩ አንድ ሰው እንኳ አላሰበበትም?

ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ፣ ቴተሪንግ ከፍቼ፣ ከራሴ ጥቅል ለኮምፒውተሩ አጠጣሁት። የባሰው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የካርዱን ስም ጽፈህ ስትፈልግ የሚመጣው ሁሉ ትልልቅ አረንጓዴ «አውርድ» የሚል ቁልፍ ነው። ስትነካው የሚወርደው ድራይቨር ሳይሆን «ኮምፒውተርህን ልመርምርልህ» የሚል ፕሮግራም ነው። መርምሮ መርምሮ መጨረሻ ላይ በዶላር ክፈል ይላል። እኔ ከደሴ ሆኜ በየትኛው የዶላር ካርድ ነው የምከፍለው? የሰው ችግር አድፍጦ መጠበቅ ነው ይሄ። ሦስቱን አውርጄ ሦስቱንም ስነቅል ዋልኩ፤ ጥቅሌም አለቀ።

እባካችሁ በስም አትፈልጉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሃርድዌር አይዲ» የሚል ቦታ አለ፤ «ቬን» እና «ዴቭ» ከሚሉት ቀጥሎ አራት አራት ፊደልና ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የሠሪው፣ ሁለተኛው የዕቃው መታወቂያ ነው። ካርዱ ላይ የተለጠፈው ስም ሊያሳስት ይችላል፤ ይሄ ግን አያሳስትም።

በዚያ አገኘሁት። ጫንኩት፤ ለካ ለ32 ቢት የተሠራ ኖሯል፣ የእኔ ዊንዶውስ 64 ቢት ነው፣ አይገናኙም። የ64 ቢቱን አገኘሁ፤ «ኮድ 52»፣ ዲጂታል ፊርማውን ማረጋገጥ አልቻልኩም አለኝ። ሌላ አመጣሁ፤ «ኮድ 10»፣ ዕቃው መነሣት አልቻለም። ካርዱን ነቅዬ የመዳብ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፣ ቀዳዳ ቀየርኩለት፣ ያው ነው።

በመሀል አንዲት እናት ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ሰነድ ሊያሳትሙ መጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው። «ይቅርታ እማማ፣ ድራይቨር ጠፍቶ ነው» ብዬ ምን ብለው ይረዱኛል? «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ፤ ከስድብ ይልቅ ያ አንጀቴን በላው።

ባለሙያ ጠራሁ። ገና ቁጭ ሳይል «ይሄ ካርድ ሞቷል፣ ጣለውና አዲስ ግዛ» አለኝ። እንቢ አልኩ። ማታ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣውን ነፃውን ሊኑክስ በፍላሽ አዘጋጅቼ፣ ምንም ሳልጭን ከፍላሹ ብቻ አስነሣሁት። ወገን፣ ሳልነካው ሠራ! ምንም አላወረድኩ፣ ምንም አልከፈልኩ፤ ገመዱን ስሰካ መብራቱ ብልጭ አለ። ካርዱ ሕያው ነው! ጤነኛ ዕቃ ነው «ሞቷል፣ ጣለው» የተባለብኝ። የጎደለው አንድ ፋይል ብቻ ነበር፤ ያንን ፋይል ለአዲሱ ዊንዶውስ አስተካክሎ ማውጣት ሠሪው ስለተወው ነው ሰው ደህናውን ካርድ ቆሻሻ ውስጥ የሚጥለው። እኛ አገር አንድ ዕቃ ስንት እጅ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ለእኛ «አሮጌ» ማለት የማይሠራ ማለት አይደለም።

አሁን ያ ዴስክቶፕ በሊኑክስ ነው የሚሠራው። ፕሪንተሩ ተስማምቶታል፣ የአማርኛ ኪቦርዱንም አስገብቼለታለሁ። እኚያን እናት ግን እስካሁን አላየኋቸውም፤ ሰፈራቸውን የሚያውቅ ጎረቤት ልኬባቸዋለሁ። የድሮ ድራይቨር ሲዲ ቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ በእናታችሁ አትጣሉት፤ ደሴ ካላችሁ ወደ እኔ አምጡት፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለጠየቀኝ ሁሉ በነፃ እሰጣለሁ።