ጥርሳችን የሚናገረው

አሜሪካ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ውሃ ላይ ይጨምራሉ። በፈረንጆች 1945 ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ ተጀምሮ ብዙ ከተሞች ተከተሉ። ዛሬ የሚመከረው መጠን በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው፤ የልጆች ጥርስ እንዳይበሰብስ። (ተቃዋሚም አላጣም፤ ዩታና ፍሎሪዳ በ2025 በሕግ ከልክለውታል።)

እኔ ባደግሁበት በስምጥ ሸለቆ ደግሞ መሬቱ ራሱ ያለ ልክ ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዝዋይ፣ ከመቂና ከወንጂ አካባቢ ጉድጓዶች ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ አሉ። ውጤቱ የበለዘ ጥርስ ነው፤ ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ያጎብጣል። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ስስቅ ጥርሴን አየና «የወንጂ ልጅ ነህ የዝዋይ?» አለኝ። መታወቂያም አላስፈለገኝ።

እዚህ አሜሪካ የፈረንጆቹ አብያተ ክርስቲያናት ለአፍሪካ ውሃ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ደስ ይላል። ሕፃናቱ ጄሪካን ተሸክመው ግቢውን ይዞራሉ፤ አያቶቹ ቼክ ይፈርማሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ለሞተ አባት ወይም እናት ሰደቃ ጃሪያ (ከሞት በኋላም የማይቋረጥ ምጽዋት) እንዲሆን ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት መዋጮ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ጉልላት ነው።

የሁሉም ፍቅር ግን ቁፋሮ ላይ ነው። ውሃው ፊን ብሎ ሲወጣ ፎቶ ይነሳል፣ የለጋሹ ስም በሰሌዳ ይለጠፋል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ግን ይህ ደስታ አደገኛ ነው፤ ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራው አለት ነውና። ከወንዝ የሚቀዳው ውሃ ተሕዋስ ቢበዛበትም ፍሎራይዱ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣው ኩልል ያለው ውሃ ግን ልጅን ከተቅማጥ አድኖ ጥርሱን ያበልዘዋል። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይወፍራል። ክሎሪንም አይነካውም። በዓይንም በምላስም አይለይም፤ መለካት ብቻ ነው።

መፍትሔውን በደንብ የሠሩት የኬንያ ካቶሊኮች ናቸው። የናኩሩ ሀገረ ስብከት የከብት አጥንት በምድጃ ከሰል እያደረገ፣ ፈጭቶና አጥቦ፣ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ዘዴ ሄክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ፕሮቴስታንቶች የእርዳታ ድርጅት፣ ኢአዋግ ከተባለው የሀገሩ የውሃ ምርምር ተቋምና ከአንድ የኦሮሚያ ሀገር በቀል ድርጅት ጋር ሆኖ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ አምጥቶታል።

የሃይማኖት ድርጅት ከመሐንዲስ የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሁዳዴ አጥንት ያጣራውን ውሃ መጠጣት ጾም ይሽራል ወይ? ከብቱን ማን አረደው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ኬሚስቱ መልስ የለውም፤ ቄሱና ሼሁ ናቸው አንድ ቃል የሚናገሩት። ያንን ቃል የሚያስገኝ መተማመን ደግሞ በአንድ የምረቃ በዓል አይመጣም።

ችግሩ አጥንቱ ፍሎራይድ ጠጥቶ የሚጠግብ መሆኑ ነው። በየጊዜው ካልተለወጠ ማጣሪያው በርሜል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የመለወጫው ወጪም የገበሬውን ኪስ ይፈትናል። እዚህ ባለን የመንደራችን ተወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈር ይልቅ የዓመት አጥንት እንሸፍን የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። ገንዘብ ያዡ ቅን ሰው ናቸው፤ ትንሽ አሰቡና «ወንድሜ፣ ታዲያ መዋጮውን ምን ብለን እናስታውቀው?» አሉኝ።

«የአጥንት መዋጮ ይበሉት» አልኋቸው።